የፈረሰው ምርጫ ክልል ዋና ጸሐፊ

በአገራችን መሥሪያ ቤት ይፈርሳል እንጂ ሠራተኛው አይፈርስም። የፈለጋችሁት ከተማ ሂዱ፣ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ያለፈው ድርጅት ዛሬም አንድ ታማኝ ባለሥልጣን አያጣም። ቢሮውን ተረክበውታል፣ ማኅተሙን ነጥቀውታል፣ ወንበሩን ምስጥ በልቶታል። እሱ ግን ራሱን ሲያስተዋውቅ «የቀድሞ» የምትባለዋን ቃል ከአፉ አያወጣም። የፈረሰ ዕድር ሊቀ መንበር፣ የተበተነ የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ፣ የተዘጋ ኅብረት ሱቅ ዕቃ ግምጃ ቤት፤ በእናንተም ሰፈር አንዱ አይጠፋም።

ለእኛ ለሰመራ ሰዎች የደረሱን ግን ከሁሉም የከበዱት ናቸው። ክቡር አቶ ባንተይርጋ፣ የካምፕ ዘጠኝ ምርጫ ክልል ዋና ጸሐፊ።

ካምፕ ዘጠኝን ካርታ ላይ አትፈልጉት። ከዱብቲ ወዲያ፣ በድሮው የጥጥ እርሻ ጫፍ፣ አዋሽ ሲሞላ ደጁ የሚደርስበት የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ነው። ጥጥ ለቃሚዎቹ ከደጋ የመጡ ናቸው፣ ዙሪያው የአፋር አርብቶ አደር ነው። ሁለቱ ተደምረው በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት አንድ ምርጫ ክልል ሆኑ፤ ሁለት ሺህ አንድ ላይ ፈረሱ። በመሃሉ ሦስት ምርጫ አለ። ይህን ሁሉ የማውቀው አጥንቼ እንዳይመስላችሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለተነገረኝ ነው።

ጋሽ ባንተይርጋ ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ከዱብቲ በሚኒባስ ይነሳሉ፣ ሎጊያ ላይ ወርደው ባጃጅ ይይዛሉ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰመራ ከምርጫ ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ናቸው። ከላይ ካኪ ኮት፣ ከታች ሽርጥ። ሙቀቱ አርባ ሁለት ሲገባ እኛ ማራገቢያው ሥር ተጎልተን ስንቀልጥ እርሳቸው የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ እንኳ አይፈቱም፤ «ጸሐፊ ደረቱን ገልጦ ቢሮ አይገባም» ይላሉ። በእጃቸው በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ። ውስጡ አንድ ደብተር ነው፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም።

በኮሪደሩ ብቅ ሲሉ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ያልተደወለ ስልክ እንደዚያ የሚነጋገርበት መሥሪያ ቤት በአፋር ምድር የለም። አንድ ጊዜ የፋይናንሱ ኃላፊ ከማን ጋር እንደሚያወራ ግራ ሲገባው ከእናቱ ጋር አወራ፤ እናቱ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጋሽ ባንተይርጋ ግን አይቸኩሉም። ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ሰው ስልክ ይዞ ስንት ሰዓት ይቆያል? እጁ ሲዝል ያወርደዋል። ያን ጊዜ «ከሥሩ እንጀምር» ይላሉ።

ከሥሩ ማለት ከሰማንያ ሰባት ነው። የመጀመሪያው ተመራጭ በአምስት ዓመት ውስጥ ምክር ቤት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ እሱም «መስኮቱ ይከፈት» ብለው ነው፤ ተከፈተ። እንደ ጋሽ ባንተይርጋ አባባል ከካምፕ ዘጠኝ የቀረበና በሙሉ ድምፅ መልስ ያገኘ ብቸኛው ጥያቄ ይኸው ነው። በዘጠና ሁለቱ ምርጫ ለአንዱ ተወዳዳሪ የግመል ምልክት ደረሰው፣ ለሌላው የዓሣ። ባለዓሣው አፋር መሃል ግመልን በዓሣ አሸንፍ መባሉ ግፍ ነው ብሎ አቤት አለ። አቤቱታው ገና ሲታይ ምርጫው አለቀ። ባለዓሣው ያገኘው አርባ አንድ ድምፅ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ስድስቱ የገዛ ዘመዶቹ እንደሆኑ፣ ሁለት ዘመዶቹም ግመሉን እንደመረጡ ጋሽ ባንተይርጋ በስም ያውቃሉ።

ሦስተኛው ተመራጭ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ድምፅ አግኝቶ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ከዓመታት በኋላ አዋሽ ሰባት ላይ ሆቴል ከፍቷል የሚል ወሬ ሲሰማ ጋሽ ባንተይርጋ ኮታቸውን ለብሰው በአውቶቡስ ሄዱ። አውቶቡሱ ሙሉውን መንገድ ከሥሩ ተነግሮታል፤ ሁለት መንገደኞች ያለ ቦታቸው ወረዱ ይባላል። ሰውየውን አገኙት። ተቀበላቸው፣ ሚሪንዳ አስከፈተላቸው፣ የሆቴሉን ጓሮ አስጎበኛቸው። ከዚያ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ለመሆኑ የተመረጥኩት ከየት ነበር ብሎ ጠየቃቸው።

ሚሪንዳውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ይህን ሲነግሩን የሳቅነው ሳቅ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ በጊዜው ግን አላሳፈረኝም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የትናየት ስለዚህ ጠባያቸው ሲጠየቁ ብዙ አያወሩም። የሠርጋችንን ቀን ጠይቀው፣ አያውቀውም፤ የዚያን ዓመት የተበላሸ ድምፅ ስንት እንደነበር ግን ይነግርሃል፣ ይላሉ።

ሰው ይህን ያህል ሲያወራ እንዴት ዝም ብለው ያደምጡታል ትሉ ይሆናል። ሰመራ ላይ ማንም አያደምጣቸውም። ካምፕ ዘጠኝ ግን አብዱናሲር አለ። አብዱናሲር የግመል ባለቤት ነው፣ የጋሽ ባንተይርጋ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነግራል፣ ያኛውም እስኪጨርስ አያቋርጥም፣ ቀጥሎ ተራው ይሆናል። ዳጉ ይሉታል። ዳጉ ላይ ማጋነን ነውር ነው፣ መደበቅ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ከደጋ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ጥጥ ለቀማ የወረዱት ጋሽ ባንተይርጋ ከዚህ ምድር የተማሩት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። ችግሩ ዳጉን ተቀምጦ ለሚሰማ ሳይሆን ማራገቢያ ሥር ለሚያንቀላፋ ይዘው መምጣታቸው ነው።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። እኔም የእርሳቸውን ምርጫ ክልል እንደዚያ ነበር የማየው፤ በሕይወት ሳለ መስኮት ከማስከፈት ያላለፈ፣ ሲሞት ግን እንደ ግዛት የሚለቀስለት። ነገሩ ለካምፑ ሰዎች ግን ቀልድ አይደለም። ምርጫ ክልሉ ከፈረሰ በኋላ ከሩቅ ከተማ ጋር ቀላቀሏቸው። ለመምረጥ የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ነው። የጤና ኬላዋ ነርስ ተቀይራ ስትሄድ ምትክ የሚጠይቅላቸው ሰው ጠፋ፤ የዚያኛው ከተማ ተመራጭ ስለ ካምፕ ዘጠኝ ሲጠየቅ የእኔ አይመስለኝም አለ። ከዚያ ወዲህ ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ናት ዱብቲ የምትደርሰው፣ መንገዱ ውሃ ካልበላው። ጋሽ ባንተይርጋ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ምርጫ ክልሉ ይመለስ፤ እሱ ካልሆነ ቢያንስ የምርጫ ጣቢያው ካምፑ ውስጥ ይቁም። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አራት ማመልከቻ አስገቡ። ሁሉንም የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ከነዚህ ውስጥ አንዱ የጠረጴዛዬን አጭር እግር ደግፎ ኖሯል።

አሟሟቱንም በየወሩ ይነግሩናል። በሐምሌ ወር ሁለት ሺህ አንድ ላይ፣ የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚያጣራ ኮሚቴ በአንድ ላንድክሩዘር ካምፕ ዘጠኝ ደረሰ። አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ ወጣት ጸሐፊ። ሥራው በቦታው ያለውን ነዋሪ ቆጥሮ መመለስ ነው። ይህን ቀን የመረጠ ሰው ጥጥም አያውቅም፣ ከብትም አያውቅም። በሐምሌ ለቃሚው እርሻውን ሊያርስ ደጋ ወጥቷል፤ አርብቶ አደሩ አዋሽን ሸሽቶ፣ ዝናብ የጣለበትን ሣር ተከትሎ ከብቱን ነድቷል። ካምፑ ውስጥ የቀሩት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ጋሽ ባንተይርጋ የለመኑት ሦስት ቀን ነበር። ዛሬ ቃል በዳጉ ይላክ፣ በሦስተኛው ቀን ሰዉ እዚህ ይሆናል አሉ። ሰብሳቢው በጥላው በኩል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሬድዮ ወይስ ስልክ ነው ያላችሁ ብሎ ጠየቀ። ዳጉ ነው አሉት። ሳቀ። ቁጥሩ ተጻፈ፣ ካምፑን ወክለው ጋሽ ባንተይርጋ እንዲፈርሙ ተሰጣቸው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በዓይናቸው ፊት ተቆጥሯል፤ ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ፈረሙ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

አብዱናሲር ግን ቃሉን ልኮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መጡ። ከብታቸውን ለልጆች ትተው፣ አሮጊቶችን በግመል ጭነው፣ ሌሊቱን ተጉዘው ጠዋት ካምፑ ደጃፍ ደረሱ። ቆጣሪዎቹ የት አሉ ብለው ጠየቁ። የሉም ብሎ ለሦስት ሺህ ሰው መንገር የጋሽ ባንተይርጋ ዕጣ ሆነ። አልነገሩም። ካኪ ኮታቸውን ለበሱ፣ ከቤታቸው አንድ ደብተር አወጡ፣ የጥጥ ሚዛኑ ሥር ተቀምጠው ሦስት ቀን ሙሉ ብቻቸውን ቆጠሩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የጎሳ ስም፣ አሻራ በቀለም። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ሰው። በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለው ደብተር ይህ ነው። ማኅተም የለውም፣ ቀኑም አልፎበታል። ደግሞ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ነዋሪዎቹ እንዲጠሩ ተደርጎ ሊገኙ አልቻሉም» ይላል። በዚያች ዓረፍተ ነገር ምርጫ ክልሉ ተቀበረ።

ዘንድሮ ምርጫ ስለሆነ ወይዘሪት ዊዳድ የምትባል አዲስ የምዝገባ አስተባባሪ ተመደበችልን። የአሳይታ ልጅ ናት፣ ወጣት፣ እጇ ላይ ታብሌት አለ። ማክሰኞ ጋሽ ባንተይርጋ ሲመጡ ስልክ ማንሳት ገና አልተማረችም ነበር። ካምፕ ዘጠኝ ሲሏት ታብሌቷን ነካካች፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። እንደገና ፈለገች፤ የለም። እንግዲህ አለቀ ብዬ ስጠብቅ ታብሌቱን አስቀምጣ፣ ከወንበሯ ተነስታ፣ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለች። ይንገሩኝ አለች።

ከሥሩ ጀመሩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አላቋረጠቻቸውም። እኔ ከጠረጴዛዬ ኋላ ሆኜ የማላነበውን ወረቀት አገላብጣለሁ። መስኮቱ ተከፈተ፣ ግመሉ ዓሣውን አሸነፈ፣ ሚሪንዳው ተከፈተ፣ ላንድክሩዘሩ ደረሰ። ሲጨርሱ ዊዳድ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ጠርተናቸው ቀሩ ብሎ የጻፈው ማነው?»

ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህን እዚህ መጻፍ ነበረብኝ፣ ቀድሜም መጻፍ ነበረብኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ከደጋ ከመጣሁ ገና ሦስት ወር። ላብ ወረቀቱን አርሶት እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎ ነበር። ሰብሳቢው እንዲህ ብለህ ዝጋው አለኝ፣ ዘጋሁት። ማንም አልተጠራም። እኔ የፈለግሁት ሳይመሽ ሰመራ ገብቼ ማራገቢያ ሥር መተኛት ብቻ ነው። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ሰው የሰጠሁት ለአንድ ማራገቢያ ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት በየወሩ ደጃፌ ላይ ሲቆሙ የቀለድኩባቸው፣ ኮታቸውን ያማሁት፣ ዛሬም በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያሾፍኩባቸው ቀልድ ይቀለኝ ስለነበር ነው።

ጋሽ ባንተይርጋ ወደ እኔ አላዩም። የባለዓሣውን የስድስት ዘመዶች ስም የሚያውቁት ሰውዬ፣ በሦስት ምርጫ የተበላሸ ድምፅ በቃላቸው የሚደረድሩት ሰውዬ፣ ደብተራቸውን በፌስታሉ መጠቅለል ጀመሩ።

«ልጅ ነበር» አሉ። «ሙቀት ያልለመደ የደጋ ልጅ። ስሙ ጠፋኝ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን የተወጋ ሰው ወጊውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ረሳሁት ሲል ሰማሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሥራ አልገባሁም። ዱብቲ ወረድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ውሃ የበላውን መንገድ ደግሞ በእግሬ። ካምፕ ዘጠኝን ከዚያ ሐምሌ ወዲህ አላየሁትም ነበር። የጤና ኬላዋ በር በሽቦ ታስሯል። መጀመሪያ ያገኘሁት አብዱናሲርን ነው፣ ከግመሎቹ ጋር። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አልደነገጠም።

«ዳጉ ላይ መደበቅ ሐራም ነው» አለኝ። «ባንተይርጋ ሁሉን ይናገራል፣ አንድ ስም ብቻ ይዘላል። ወላሂ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። ማነው ስለው፣ በየወሩ እየሄድኩ አየዋለሁ፣ አንድ ቀን ራሱ ይናገራል ይለኛል።»

እነሆ ሠላሳ አራቱ ማመልከቻ። እኔ ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ባንተይርጋ ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ ያለ ኮት፣ በካናቴራ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ የትናየት በርጩማ አወጡልኝ። አልተቀመጥኩበትም፤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከሥሩ ልጀምር፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰብሳቢው ያለኝን፣ ያላብኩትን፣ የዋሸሁትን፣ የጠረጴዛዬን እግር ሳይቀር። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። እንደ ደንቡ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ቃለ ጉባኤው ሐሰት መሆኑን በፊርማዬ የጻፍኩበትን ደብዳቤ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ይቅር ይሉኛል ወይ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

«ቀኑ ሐምሌ ስምንት አይደለም፤ ዘጠኝ ነው» አሉ። «በስምንት እኮ መኪናችሁ ሎጊያ ተበላሽቶ አድራችኋል። አስተካክለህ አስገባ። ሰነድ እንዲህ ተዝረክርኮ አይሄድም፣ ቻላቸው።»

ስሜ አልጠፋቸውም ነበር።

አስተካክዬ አስገባሁት። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ምርጫ ክልሉ ስለፈረሰ የሚታረም ቃለ ጉባኤ የለም ይላል። ዊዳድ ለአንድ ቀን ተንቀሳቃሽ መዝጋቢ ይላክ ብላ ጠየቀች፤ እኔ ሦስት ቀን ይሁን ብዬ ጨመርኩበት፤ እሱም ገና አልተፈቀደም። እኔም የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ በማስጠንቀቂያው ቅሬታ የለኝም፣ አሥራ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው።

የጋሽ ባንተይርጋ ኩላሊት ሚኒባስ አልችል ብሏል። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ እኔ እወጣለሁ፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ። ደብተሩን አምነው ሰጥተውኛል፣ በፌስታል ላይ ፌስታል እንደተጠቀለለ። የኮቴን የላይኛውን ቁልፍ ቆልፌያለሁ፤ ሙቀቱ ይገድላል። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ትልቅ ሰው በኮሪደሩ ስመጣ አይቶኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ስልኩ አልጠራም። ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅሁት፣ እጁ እስኪዝል።

ከዚያ «ከሥሩ እንጀምር» አልኩት።